ጣና በጠዋት፣ ጣና ከሰዓት በኋላ

በመሥሪያ ቤታችን ስም ወጥቶልኛል፤ «የላይፍ ጃኬቷ» ይሉኛል። ለእረፍት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ባልደረባ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆም ብሎ «እስቲ ምክርሽን» ይለኛል፤ ገሚሱ ሊቀልድብኝ፣ ገሚሱ ከልቡ። አልቀየምም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እኛ ቤት የደረሰው ነገር በሌላ ቤት እንዲደርስ ስለማልፈልግ ለጠየቀኝ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተርክለታለሁ። በቃል መድገሙ ስለታከተኝ ደግሞ ይኸው ጻፍኩት።

የደጋ ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት፣ አሁንም የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ውሃን የማውቀው በእንስራና በባልዲ ነው። በቤታችን ዋና የሚችል ሰው የለም። ባለቤቴ «በልጅነቴ በረሳ ወንዝ ውስጥ እዋኝ ነበር» ይላል፤ በረሳን በበጋ ያየ ሰው የዚህን ወሬ ክብደት ያውቀዋል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ ስለነበር «አደይ አበባው ሳይረግፍ ኑ» ብሎ ጠራን። እኔ፣ ባለቤቴና ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው ልጃችን ሐሙስ ማታ ገባን።

ዓርብ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወጣን። ውሃው ተኝቷል። በሰታቴ የተቀመጠ ውሃ እንኳ እንደዚያ አይረጋም። ዓሣ የሚበልቱ ልጆች አጠገብ ፔሊካኖች ተሰልፈው አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ልጅ ሲወረውርላቸው ያ ከመንቆራቸው ሥር የተንጠለጠለ ከረጢት በሰፊው ይከፈታል፤ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነች ትንሽ ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግብና ድንገት እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ትወድቃለች። ፈንጠር ብሎ አንድ ሰውዬ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል፤ ታንኳዋ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ሰውዬው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እኔም በልቤ «ይህማ ትልቅ ኩሬ ነው» አልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። አገራችን «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚለው ለካ ተረት ብቻ አይደለም።

ጣና ቁመቱ 84 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ቁጥር ያን ጊዜ ብሰማው ኖሮ «እንዲያማ ከሆነ ምን ያስፈራል?» እል ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ደግሞም ተከታታይ ይሆናል፤ ጀልባዋ ከአንዱ ወርዳ ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ ጠዋት የለም፣ ቀትር ሲያልፍና የብሱ ሲሞቅ ይነሣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል። የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኛ ግን ማንንም አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ወደ ዘጌ፣ ሐይቁ ውስጥ ወደ ገባው ልሳነ ምድር፣ ልንሻገር ተነሣን። ሁለት ባለ ጀልባዎች አነጋገርን። የመጀመሪያው ጎልማሳ ነበር፤ ዋጋው ከበድ ይላል፤ በዚያ ላይ «12 ሰዓት ተኩል ላይ ካልተነሣን አልሄድም፤ 6 ሰዓት ላይ መልስ ነው» አለን። ባለቤቴ «ገና ሳንሳፈር ትእዛዝ!» ብሎ ተቀየመው። ሁለተኛው ወጣት ነበር፤ ዋጋው ረከስ ያለ፣ ሰዓቱ እንደፈለጋችሁ፣ ከፊቱ ፈገግታ የማይለየው። እሱን ያዝን። ዛሬ ሳስበው ያ ጎልማሳ ተጨማሪውን ገንዘብ የሚጠይቀው ለእውቀቱ ኖሯል።

«ላይፍ ጃኬት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሞልቷል፣ እትዬ» አለኝ። አምኜ ተሳፈርኩ። መሀል ከገባን በኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ መቀነቱ የተበጠሰ፣ ሁለተኛው ለመቀመጫ ትራስነት የሚያገለግል። ለልጅ የሚሆን የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ሰው ሁሉ «አለ ወይ?» ብሎ ብቻ እንዳይተወው የምለው። «አለ» የሚለው ቃል አያንሳፍፍም። «አውጡልኝ» በሉ፤ ልበሱት፤ መቀነቱን ሳቡት። የልጁን ደግሞ ካለበሳችሁት በኋላ በሁለት ትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ጎተት አድርጉት፤ ወደ ጆሮው ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ ልኩ አይደለም። ይህን ሁሉ መሬት ላይ ቆማችሁ ጨርሱት። ጀልባው ከተነሣ በኋላ ሰውን ይሉኝታ ይይዘዋል፤ እኔን ይዞኛል።

ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ተነሥተን አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘን ዘጌ ደረስን። በዘጌ ላይ ቅሬታ የለኝም። በእግር ለሚሄድ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ብዙ አላየሁም። ከወደቡ ሽቅብ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ከዛፎቹ ሥር ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ ነው። እርሻ የለም፣ በሬ የለም። አቡነ በትረ ማርያም ለአካባቢው ሰዎች «መሬቱን አትረሱ፣ ከብት አታርቡ፤ ከዛፉ ትኖራላችሁ» የሚል ቃል ኪዳን አስተላልፈዋል ይባላል፤ ደኑ ለዘመናት የተረፈው በዚህ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጄ ከአንድ ሥዕል ሥር ተቀምጣ አልነሣም አለች። ስንወርድ አንዲት እናት ከራሳቸው ጓሮ የለቀሙትን ቡና አፈሉልን፤ «እማማ፣ ሦስተኛው ይቅርብን፣ እንቸኩላለን» ስላቸው «በረካ ሳትጠጪ?» ብለው ተቆጡኝ። ጠጣሁ።

እግረ መንገዴን ለሴቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ለጀልባው ከመክፈላችሁ በፊት የት የት እንደሚወስዳችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ወንዶቹ እስኪመለሱ ዳር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው።

7 ሰዓት ላይ ወደ ወደቡ ስንመለስ ወጣቱ ቆሞ ሐይቁን ያያል። «እትዬ፣ አሁን ብንነሣ ይሻላል» አለኝ። እኔም እግሬን አንሥቼ ነበር። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከቦርሳው ናይሎን ክርና መንጠቆ አወጣ። ከቤት ሳንነሣ ገዝቶ ደብቆት ኖሯል። «አንድ ዓሣ ብቻ» አለ።

ወንድማማቾቹ ከወደቡ ፈቀቅ ብለው፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ከቡናው ሥር በቆፈሩት የምድር ትል ማጥመድ ጀመሩ። መንጠቆው በየደቂቃው ደንገሉ ውስጥ እየተጠላለፈ አስቸገራቸው። እነሱ ጫማ አድርገዋል፤ እኔና ልጄ ደግሞ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ በባዶ እግራችን እስከ ጉልበታችን ገብተን መፍታት ሆነ ሥራችን። ውሃው ለብ ያለ፣ ደስ የሚል ነበር። ልጄ ከደንገሉ ግንድ ላይ የተለጠፈ ነገር እየነቀለች በመዳፏ ሰበሰበችና «እማዬ፣ እዪ፣ ቀንድ አውጣ!» አለችኝ። ጥፍር የማያክሉ፣ ቡናማ፣ የሚያማምሩ ነበሩ። «ጎበዝ» አልኳት። እናትነት አንዳንዴ እንዲህ ነው።

«አንድ ዓሣ ብቻ» ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መዳፍ የምታክል አንዲት ቆሮሶ ተያዘች፤ ውሃ ባለበት ፌስታል ውስጥ አደረግናት። ወጣቱ አሁን ፈገግታው የለም። «ጋሼ፣ ነፋስ ተነሥቷል፤ እርስዎ ካልቸኮሉ እስኪመሽ ብንጠብቅ» አለ። ባለቤቴ የተግባቡ መስሎት ብር ጨመረለት። ልጁም ብሩን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ስህተቶቻችን ሁሉ እኔን የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ውሃውን የሚያውቅ ሰው ሲያመነታ ገንዘብ አትጨምሩለት። ማመንታቱን ነው የምትገዙት፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ያላችሁ ብቸኛ መከላከያ ነው።

ከወደቡ ስንነሣ ውሃው ያን ያህል አይደለም። ልሳነ ምድሩ ከነፋሱ ጋርዶን ነበርና «ይህቺን ነው?» ብለን ሣቅን። ከጥጉ ስንወጣ የውሃው ቀለም ተለወጠ፤ ቡናማ፣ አናቱ ላይ ነጭ አረፋ ያዘለ። ማዕበሉ በግራ ጎናችን ከሐይቁ መሀል ይመጣል። የመጀመሪያው ፊቴን መታኝ፤ ሁለተኛው ጀልባዋ ውስጥ ገባ። ልጄ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ጩኸቷ አይሰማኝም፣ አፏ ሲከፈት ብቻ አያለሁ። እግራችን ሥር ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ የልጄ ነጠላ ጫማና ያቺ በፌስታል ያለች ዓሣ ከወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋሉ። በዚያ ሁሉ መሀል ዓይኔ ከዓሣዋ ላይ አልነቀል አለኝ።

ባለቤቴ ወደ እኛ ሊመጣ ብድግ አለ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ አጋደለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲለው የነበረው ልጅ «ተቀመጥ!» ብሎ ጮኸበት። «ሁላችሁም ታች! ወለሉ ላይ! መሀል!» ተቀመጥን። ወንድሙ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን አገኘና ውሃውን መቅዳት ጀመረ። ወጣቱ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዞረና ሰያፍ እያደረገ ይወጣት፣ ይወርድባት ጀመር። በዋጋው መርጠነው የነበረው ልጅ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ እንዳይሠራው ያደረግነው እኛ ነን። እኔ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተሳልኩ።

ወደ ባሕር ዳር አልቀጠለም። «እንጦስ እንጠጋለን» አለ። እንጦስ ኢየሱስ በዘጌና በባሕር ዳር መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ከነፋሱ በተከለለው ጎኗ ዞረን ስንገባ ውሃው ወዲያው ዝም አለ። ከዳር የጠበቁን አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ልጄን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው ጠቀለሏትና «ማነው በዚህ ሰዓት ያሻገራችሁ?» አሉ። ወጣቱ መሬት መሬት አየ። ባለቤቴም መሬት መሬት አየ። «እማሆይ፣ እኛው ነን» አልኩ። ቆሎ ሰጡን፤ እሳት ዳር አስቀመጡን። 12 ሰዓት ላይ ነፋሱ እንደ ሰው ደክሞት ቆመ። በረጋ ውሃ ላይ፣ እያመሸ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ገባን።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ዋናው አለመነሣትና ቦታ አለመቀያየር ነው። ወለሉ ላይ፣ መሀል ላይ ተቀመጡ፤ ልጁን በሁለት እግራችሁ መካከል ያዙት። ነጂውን በጥያቄ አታዋክቡት። «ቶሎ አድርሰን» አትበሉት፤ በማዕበል ላይ ቶሎ መሄድ ጀልባ ይገለብጣል። ስልካችሁን ከመነሣታችሁ በፊት በላስቲክ ቋጥሩት፤ የብስ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት። እኛ የት እንዳለን ያን ቀን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎን ነበር። ያን ሌሊት እግራችንን ሲያሳክከን ወባ ትንኝ ነው ብለን ተኛን። ወደ ቤት ተመለስን፤ ስለታችንን አስገባን፤ ለጎረቤት ወሬ ሆነን። አንድ ወር ሊሞላ ሲል ልጄን ትኩሳት ያዛት። ማታ ማታ ይነሣል፣ ጠዋት ይተዋታል። ደረቅ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቆዳዋ ላይ እንደ ሳማ የነካው ሽፍታ። የመጀመሪያው ሕክምና ቦታ ደም ታይቶ ታይፎይድ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠን። አልለቀቃትም። ሁለተኛው ቦታ ሳሉን ሰምተው የሳንባ ምች ነው አሉ። ደግሞ መድኃኒት። ልጄ ከስታ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። እኔም ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል፤ ከሐሳብ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ባለቤቴ ደህና ነው። ወንድሙም ደህና ነው። ይህ ልዩነት ዓይናችን ሥር ተቀምጦ ሳለ አላየነውም።

ያየው ሦስተኛው ሐኪም ነው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ወረቀት ከማየታቸው በፊት ሰው የሚያዩ። «ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ነበር?» አሉ። ባሕር ዳር ሄደን ነበር አልኩ፤ ስለ ማዕበሉ መተረክ ጀመርኩ። አቋረጡኝና ልጄን ጠየቋት። «የኔ ልጅ፣ ውሃ ውስጥ ገብተሽ ነበር?»

«አዎ» አለች። «ቀንድ አውጣ ሰበሰብኩ።»

ሐኪሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ቢልሃርዚያ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ የሚወጣው ነገር የተወሰነ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚለቀቀው ደግሞ በዓይን የማይታይ ሆኖ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም፤ መቆም ብቻ ይበቃል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ያለበትን፣ ሰው የሚቀዳበትና የሚታጠብበትን ለብ ያለ ውሃ ነው፤ እኛ የቆምንበትን ማለት ነው። የልጄ ደም ሲታይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ እጅግ በዝቶ ተገኘ። የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ምንም አላሳየም፤ ሐኪሙ ግን ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት እንደሚወስድበት ነግረውን ስለነበር ደገምነው። በሁለተኛው የእሷም የእኔም ተገኘ። ፕራዚኳንቴል በክብደታችን ልክ ወሰድን፤ መድኃኒቱ ያልጎለመሰውን ትል በደንብ ስለማይገድለው ከሳምንታት በኋላ ደገምነው። የገና ሰሞን ልጄ እንጀራ ጨምሩልኝ አለች። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ማዕበሉ ላይ አላለቀስኩም።

እንግዲህ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተመለሰ ሰው፣ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽፍታ ወይም የሆድ ሕመም ከጀመረው፣ ሐኪሙ ሳይጠይቀው «ጣና ውስጥ ገብቼ ነበር» ይበል። ባልጠየቁን ሁለት ቦታዎች ላይ ብዙ አማርሬያለሁ፤ ግን እኔም አልነገርኳቸውም። ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቶ በራስ መዋጥም አይረዳም፤ ጊዜው ካልደረሰ ይባክናል። የሚሻለው አለመግባት ነው። ዳር ላይ ለመንቀሳቀስ ቦቲ ጫማ በቂ ነው፤ ለመታጠብ የሚሆን የሐይቅ ውሃ ደግሞ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ወይም በዕቃ ቀድታችሁ ሁለት ቀን ካቆያችሁት በኋላ ተጠቀሙበት። አጎበርም አትርሱ፤ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት በሐይቁ ዙሪያ ወባ አለ።

በዓመቱ፣ ኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ ተመልሰን ሄድን። ዘመድ ሁሉ «አበድሽ?» አለኝ። ልጄ ውሃ ባየች ቁጥር ፊቷን ማዞር ጀምራ ነበር፤ በዚያ እንዲቀር አልፈለግሁም። በዚህ ጊዜ ግን ጠየቅን። የመንገዱንም የሐይቁንም ሁኔታ ከዚያው ነዋሪ ሰማን (ዛሬ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያጣራ ባይነሣ ይሻላል)። ያንን ያስቀየመንን ጎልማሳ ባለ ጀልባ ፈልገን አገኘነው። ከማነጋገራችን በፊት ላይፍ ጃኬቶቹን አውጥቶ መሬት ላይ ደረደራቸው።

በመጀመሪያው ማለዳ ጉማሬ ሊያሳየን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወሰደን። ገና ድንግዝግዝ ነበር። ባለ ጀልባው ከሩቅ ሞተሩን ቀነሰና ወደ ዳር አመለከተን፤ ደንገሉ መሀል የሰው ወገብ የሚያህል መተላለፊያ ተከፍቷል፣ ጭቃው የተረገጠ፣ ሁለት ጎኑ ፍግ የተረጨበት። «መንገዱ ነው» አለ። «ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋ በዚሁ ይመለሳል። ሰው የሚሞተው ከሱና ከውሃው መካከል ሲገባ ነው። ለሽርሽር ዳር ዳሩን የምትሄዱ ከሆነ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ፤ ሲመሽ ደግሞ ከደንገሉ ራቁ።» ብዙም ሳይቆይ ከውሃው ሁለት ጆሮና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ወጡ፤ አንዴ እፍ ብሎ ረጨና ጠፋ። ልጄ ክንዴን ይዛኛለች፤ ግን እያየች ነው። ጉማሬ አፉን ሲከፍት እያዛጋ እንዳይመስላችሁ፤ ሂዱልኝ ማለቱ ነው። ባለ ጀልባው አፉ እስኪከፈት አልጠበቀም፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለሰን።

ዓሣውን በተመለከተ ባለቤቴ ተምሮ ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይል ነበር። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ይዘን ወጣን፤ ልጄ «አባባ» እያለች ስትከተላቸው ዋለች። መንጠቆ ከዳር ሲወረወር ደንገል የሚይዘው ለምን እንደሆነ፣ ቆሮሶ በምን እንደሚሳብ፣ አምባዛ ጭቃ ለጭቃ እንደሚሄድ ያስረዷታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስለ ነጭ ዓሣው የነገሩን ነው። በጣና ውስጥ የዚህ ዓሣ ዘር 15 ያህል ዓይነት አለው፤ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። ክረምት ሲገባ ብዙው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወቅት የወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ሆዷ እንቁላል የተሞላ እናት ነው የሚያወጣው። «እኔ ልጅ ሳለሁ መረብ አያስፈልግም ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያም ወደ ሰሜኑ በኩል እያመለከቱ ስለ እምቦጩ አማረሩ። ያ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ መስፋፋቱን እኛም በቴሌቪዥን ሰምተናል፤ እሳቸው ግን የታንኳቸውን መንገድ ስለዘጋባቸው ነው የሚያውቁት። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል ብዬ ነገርኳቸው። «መመዝገቡ ደግ ነው» አሉ፣ መረቡን እየጠገኑ። እናንተም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ምግብ ቤት ብትቀመጡ ቆሮሶ እዘዙ፤ ነጩን ለጊዜው ተዉት። ቆሮሶ ሲጠበስ ደግሞ ምንም የሚቀር ነገር የለውም።

ያን ቀን ልጄ ጉልበቷ የሚደርስ ቀይ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ላይፍ ጃኬቷን ከላይ እስከ ታች ቆልፋ፣ ጀልባው ላይ ተቀምጣ በገዛ እጇ ሁለት ቆሮሶ አወጣች። ባለቤቴ ምንም አልያዘም። 5 ሰዓት አልፎ ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉና ወደ ሐይቁ መሀል አዩ። ከሩቅ፣ ውሃው ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ነበር። እኔ አላየሁትም፤ ልጄ ናት «አባባ፣ ያ ምንድን ነው?» ያለችው።

«ነፋስ ነው» አሉ። «በሉ።»

ልጄ ክሯን መጠቅለል ጀመረች። ባለቤቴ ክሩን አልሳበም። «አንድ…» ብሎ ጀመረ። ልጄ ቀና ብላ አየችው። እሱም ዝም ብሎ መንጠቆውን ጎትቶ አወጣና ትሉን ለፔሊካኖቹ ወረወረው።